የሃምሳ ደቂቃ መንገድ

ሰው ሁሉ «ሃምሳ ደቂቃ ናት» ይላል። ትኬት የምትሸጠዋ ልጅ ትላለች፣ ተሳፋሪው ይላል፣ ስልክ ላይ ያለው ካርታ ሳይቀር ይላል። ከዚያኛው ከተማ ኤርፖርት እስከኛው ኤርፖርት አራት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር፣ በአየር ሃምሳ ደቂቃ። እኔ የአምቡላንስ ሹፌር ነኝ። ከኤርፖርት በሽተኛ እየተቀበልኩ ሆስፒታል ሳደርስ ነው ፀጉሬ የሸበተው። እና ይቺን ሃምሳ ደቂቃ የሚሏትን ነገር አንድ ቀን እንኳ በዓይኔ አይቻት አላውቅም። የት ነው ያለችው? ማነው በሃምሳ ደቂቃ የደረሰው? ነገሩ እንደሚያናድደኝ ስለሚያውቁ ጓደኞቼ ሆን ብለው «ጋሼ፣ ስንት ደቂቃ ነው?» እያሉ ይጠይቁኝና ይስቃሉ። ይሳቁ፣ ጥርስ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

ከኔ ሌላ ይቺን ሃምሳ ደቂቃ የማታምን አንዲት ሰው ነበረች። ነርስ ናት፣ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። በጠና የታመመ ሰው ከነሱ ሆስፒታል ወደኛ ሲላክ አውሮፕላን ውስጥ አብራ የምትመጣው እሷ ነበረች። ከኋላ ያሉት ወንበሮች ይታጠፋሉ፣ ቃሬዛው ከላያቸው ይታሰራል፣ መጋረጃ ይጋረዳል፣ እሷ ከጎኑ ትቀመጣለች። ቁመቷ አጠር ያለ ነው፣ ክንዷ ግን የአናጢ ክንድ ነው የሚመስለው፤ ቃሬዛ ስታነሳ ከሁለት ጎረምሳ ትሻላለች። አፏም ከክንዷ አያንስም። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን መኪናዬን ከላይ እስከ ታች አይታ «ጋሼ፣ ይሄ አምቡላንስ ነው ወይስ ሽንኩርት የሚጫንበት?» አለችኝ። ተናድጄ መልስ ሳልሰጣት ሄድኩ፤ በሚቀጥለው ስትመጣ ግን መኪናዬን አጥቤ ጠበቅኳት። እንዲህ ነው የተዋደድነው።

«የበረራ ሰዓት የአውሮፕላኑ ጉዳይ ነው» ትል ነበር። «እኔ የምቆጥረው ካልጋ እስካልጋ ነው።» በሽተኛው ከዚያኛው አልጋ ከተነሳ ጀምሮ እዚህ ያለው አልጋ ላይ እስኪተኛ ማለቷ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። የአውሮፕላኑ በር ተዘግቶ ተራ ጥበቃ መቆም አለ፣ ካረፈ በኋላም መቆሚያ መጠበቅ አለ። በሽተኛ ደግሞ መጀመሪያ ገብቶ መጨረሻ ነው የሚወርደው። ይሄን ሁሉ ደምራ የሚበቃውን ኦክስጅን ታሰላና አንድ ሲሊንደር ትሞላለች። ከዚያ ላይ ሌላ ሙሉ ሲሊንደር ትጨምራለች። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሳይከፈት ነበር የሚመለሰው። «ምን በወጣሽ ይሄን ብረት የምትጎትቺው?» ስላት «ይሄ የበሽተኛው አይደለም፣ የኔ ነው። እሱ ከሌለ እኔ ነኝ ትንፋሽ የሚያጥረኝ» ትለኝ ነበር። ሹፌሮቹ «ካልጋ ካልጋ» የሚል ስም አወጣንላት። ስንጠራት ትሰድበናለች።

ለበሽተኞቹና ለቤተሰቦቻቸው ግን የምትለው ሌላ ነው። እጃቸውን ይዛ «ሃምሳ ደቂቃ ናት እናቴ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ ደረስሽ» ትላቸዋለች። ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። እኔ ውሸት አልወድም፣ ለበጎም ይሁን ለክፉ። አንድ ቀን «ውሸታም ነሽ እኮ» አልኳት። አልተቆጣችም። «የፈራ ሰው ቁጥር ምን ያደርግለታል ጋሼ? ቁጥሩን እኔ ይዤለታለሁ፤ እሱ ይረፍ» አለችኝ። 

እዚህ እኛ ከተማ ወንድም አላት፤ ሬዲዮና ስልክ እየጠገነ የሚኖር ረጋ ያለ ሰው ነው። ከናቱ ጋር ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቱ ትዳሩ ነው። እናትየው ያጨውን ልጅ አልወደዷትም፣ እሱ ደግሞ ጨርቄን ማቄን ሳይል አገባት። «የሷን ደጅ አልረግጥም፣ አንተም የኔን እንዳትረግጥ» አሉት። ይሄው ነው። ስልክ ሲደውል አያነሱም። ሃምሳ ደቂቃ ይባላል፤ ሰው ሲኳረፍ ግን የትኛው አውሮፕላን ያደርሳል? መሀል ላይ የምትመላለሰው ሲስተር ነበረች። በሽተኛዋን ለሆስፒታሉ ካስረከበች በኋላ እኔው ነኝ ወንድሟ ቤት የማደርሳት። «እማዬ ሰላም ብላሃለች» ትለዋለች። እናትየው ሰላም አላሉም። እዚያ ስትመለስ ደግሞ «እማዬ፣ ልጅሽ ናፍቃኛለች ይላል» ትላለች። እሱ ይሄን በአፉ አውጥቶት አያውቅም፣ ግን ይሄኛው እንኳ እውነት ይመስለኛል።

ከዚያ የእናትየው ሳንባ ታመመ። መጀመሪያ ሳል ነበር፣ ቀጥሎ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፣ ቀጥሎ ያለ ኦክስጅን መተኛት አቃታቸው። የነሱ ሆስፒታል «ከዚህ በላይ አንችልም፣ ይሂዱ» አለ። አልሄድም ብለው ብዙ አስቸገሩ። አንድ ጠዋት ግን ራሳቸው «እሺ ውሰጂኝ። እግረ መንገዴን ያንን ልጅ ልየው» አሉ። ሲስተር ይሄን በስልክ እየጮኸች ነው የነገረችኝ። «ጋሼ፣ በአፏ እኮ ነው ያለችው! ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም!»

የመጡ ቀን ወንድሟ ከኔ ቀድሞ ነው የተነሳው። ጢሙን ተላጭቶ፣ አዲስ ጃኬት ለብሶ የሆስፒታሉ በር ላይ አገኘሁት። ቤተሰብ ስለሆነ ኤርፖርቱ ውስጥ አብሮኝ እንዲገባ ፈቀዱለት። መንገዱን ሙሉ ስልኩን እያሳየኝ ነው። ትንሽ አውሮፕላን የተሳለባት ካርታ አለችው፣ እውነተኛው አውሮፕላን ሲሄድ ትንሿም ካርታው ላይ ትሄዳለች። «ሃምሳ ደቂቃ ናት አይደል ጋሼ?» አለኝ። አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ልናገር ዞር ስል ፊቱን አየሁት። እንደ ሙሽራ ነው የሚያበራው። «አዎ» አልኩት።

ኤርፖርቱ ጉም ለብሶ ጠበቀን። የመብራቱ ምሰሶ እንኳ ግማሹ የለም። መኪናዬን አውሮፕላኖቹ ከሚቆሙበት ዳር አስጠግቼ ቆምኩ። ስልኬ ጮኸ። በወዲያኛው ከተማ ሲስተርን አውሮፕላን ላይ የሚያደርሳት ሹፌር ነው፤ «ቀጮ» ነው የምለው።

«ጋሼ፣ ሲስተር ሁለተኛውን ሲሊንደር እኔ መኪና ላይ ትታው ሄደች።»

«ረስታው?»

«ኧረ አልረሳችውም። በእጇ ነው የሰጠችኝ።»

ወንድሟ እንዳይሰማ ከመኪናው ወርጄ ራቅ አልኩ። ቀጮ እንደነገረኝ እንዲህ ነው የሆነው። አውሮፕላኑ በር ላይ ሲደርሱ እናትየው የበሩን ብረት ጨምድደው ያዙና አልገባም አሉ። አውሮፕላን ላይ ወጥተው አያውቁም። ሲስተር እንደልማዷ «ሃምሳ ደቂቃ ናት እማዬ፣ ቅርብ ናት» አለቻቸው። እሳቸው ግን የሰው እናት አይደሉም፣ የሷ ናቸው፤ ጠባይዋን ከማንም በላይ ያውቃሉ። በጣታቸው ሲሊንደሮቹን አሳዩዋት። «ቅርብ ከሆነ ሁለት ብረት ምን ይሠራል? በሽተኛውን ሁሉ ስታታልዪ ቤት መጥተሽ አይደል የምትነግሪኝ? እኔንም እንደነሱ ታታልዪኛለሽ? እንደምሞት አውቀሽ ነው፤ በሬሳዬ ልታስታርቂኝ ነው!» አሉና ጭንብሉን ከፊታቸው ላይ ነጠቁት። ከንፈራቸው ሲጠቁር አስተናጋጇ ሰዓቷን እያየች «ወይ ይግቡ ወይ ይቅሩ» ትላለች።

«ሲስተር ትንሽ ቆመች» አለ ቀጮ። «ከዚያ ሲሊንደሩን አንስታ ለኔ አቀበለችኝና ‹ይኸው እማዬ፣ ቅርብ ስለሆነ አያስፈልገንም› አለቻቸው። እማማ ፈገግ ብለው ጭንብላቸውን አጠለቁ። እኔማ ምን ልበል? እሷ ናት አዋቂዋ።»

እሷማ አዋቂ ናት። በዚያች ሰዓት ግን ነርስ አልነበረችም፣ የናቷ ልጅ ነበረች። እናቷ አምናት እንድትሄድላት የያዘችውን ሁሉ ሰጠች። ለሌላ ሰው እናት ብትሆን ኖሮ ሰማይ ቢደፋ አታደርገውም።

«ተነሱ ወይ?» አልኩት።

«በሩ ከተዘጋ ቆየ፤ ሲሊንደሩን ልመልስ ብል አንከፍትም አሉኝ። ግን እዚያው እንደቆሙ ነው። እናንተ ጋ ጉም ነው ተብሎ።»

 ሮጬ የኤርፖርቱ ተረኛ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩን ስነግረው ወዲያው የመቆጣጠሪያ ማማውን ስልክ አነሳ። ጉሙ ሲገለጥ በመጀመሪያ የሚነሳው የእነሱ አውሮፕላን እንዲሆን አስደረገ። ከዚህ በላይ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። ተመልሼ ስመጣ ወንድሟ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። «ለምን አትንቀሳቀስም ይቺ?» ይለኛል። «ትንቀሳቀሳለች» እለዋለሁ። በሩ ተዘግቶ መሬት ላይ ቆመው፣ አንዱ ሲሊንደር እየተነፈሰ እየተነፈሰ ሲጎድል ይታየኛል። 

በመጨረሻ ጉሙ ሳሳ። ወንድሟ ከመቀመጫው ዘለለ። «ተነሳች! ጋሼ፣ ተነሳች!» ከዚያ ወሬው ፈሰሰ። ለናቱ የተዘጋጀችው ክፍል ፀሐይ እንደሚገባባት፣ ሚስቱ ከትላንት ጀምሮ ስታጸዳ እንደዋለች ነገረኝ። ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያስብ ማደሩንም ነገረኝ። «ይቅርታ ልበላት ወይስ መጀመሪያ ዝም ብዬ ልቀፋት?» አለኝ።  «እቀፋት» አልኩት።  እስኪደርሱ ድረስ ሰዓት ማየት ፈርቼ እጄን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ።

አውሮፕላኑ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ሲያርፍ ወንድሟ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደገነው። «ሃምሳ ደቂቃ! አንድ ደቂቃ አላጎደለም፣ አንድ ደቂቃ አልጨመረም!»

እውነቱን ነው። ሃምሳ ደቂቃ ነው የበረረው። አረፈ፣ ወደኛ ዞረ፣ ከዚያ ከሜዳው ማዶ ቆመ። የሚገባበት ቦታ ላይ ሌላ አውሮፕላን አለ፤ የሚጎትተው መኪና ሞተሩ አልነሳ ብሎ ሦስት ሰዎች ከላዩ ላይ ተደፍተው ይነታረካሉ። እኔ መኪና ውስጥ አፉ ድረስ የተሞላ ሲሊንደር አለ። እሱን አቅፌ እግረኛ የማያልፈው ቀዩ መስመር ድረስ ሄድኩ። አውሮፕላኑ ይታየኛል፣ መስኮቶቹን ልቆጥራቸው እችላለሁ፣ ከኋላ መጋረጃው የተጋረደበት ይታየኛል። እግሬን ሳነሳ ጥበቃው ደረቴን ያዘኝ። «አባት፣ መስመሩን አይለፉ! ሌላ እያረፈ ነው!» አላመንኩትም። ወዲያው ከመሀላችን ሌላ አውሮፕላን እያጓራ አለፈ፤ ነፋሱ ኮፍያዬን ወሰደው።

«ደርሳ የለም እንዴ? ምን ትጠብቃለች?» አለኝ ወንድሟ ከኋላዬ መጥቶ። አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። ተቆጣሁት፣ «መኪናው ጋ ጠብቅ!» ብዬ ጮህኩበት። ክው ብሎ ተመለሰ።

የሚጎትተው መኪና ተነሳ፣ ቦታው ተለቀቀ፣ አውሮፕላኑ መጥቶ ቆመ። ደረጃው ከፊት ገና ከመጠጋቱ በመስኮቶቹ ሳይ ሰው ሁሉ ብድግ ብሏል። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሻንጣ የሚያወርደው፣ ኮት የሚለብሰው፣ ስልክ የሚደውለው መተላለፊያውን ሞልቶታል። የእሳት አደጋ ቢሆን እንኳ ሻንጣውን የማይተው ፍጡር! ሲሊንደሩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ የሚወርዱትን እየገፋሁ ደረጃውን ወጣሁ። «መንገድ! መንገድ ልቀቁ!» አንዱ «ሽማግሌው ምን ነካቸው፣ ተራ አይጠብቁም እንዴ?» አለ። በክርኔ ነው ያለፍኩት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ እመልስለት ነበር።

መጋረጃውን ገለጥኩ። የሲስተር ሲሊንደር መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል። የአውሮፕላኑ አስተናጋጆች የሚይዟት ትንሿ የአደጋ ጊዜ ሲሊንደርም ባዶዋን ወንበሩ ሥር ወድቃለች። ሲስተር ተንበርክካ በእጅ የሚጨመቀውን የትንፋሽ ፊኛ ትጨምቃለች። በያንዳንዱ ጭመቃ የእናትየው ደረት ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ፊታቸውን አየሁ። ስንት ሰው ጭኛለሁ እኔ፤ ብዙ ማየት አላስፈለገኝም።

ሲሊንደሬን ከእጄ ተቀብላ ቱቦውን ፊኛው ላይ አያያዘች። አልቸኮለችም። ያኔ ነው እርግጡን ያወቅኩት፤ ሲስተር ኦክስጅን ስታያይዝ ቸኩላ ካልሆነ አይቻት አላውቅም።

«ወንድሜ አለ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ታች ነው።»

«መቼ እንደሆነ አላውቅም ጋሼ። ሰዉ ሻንጣ ማውረድ ሲጀምር ዓይኗን ከፍታ ‹ደረስን?› አለችኝ። ‹ደረስን እማዬ› አልኳት። ከዚያ በኋላ የምተነፍስላት እኔ ብቻ ነኝ።» እጇ መጭመቁን አላቆመም። «ምንም እንዳትለው።»

እንደ ሊፍት ከፍና ዝቅ በሚለው የኤርፖርቱ መኪና ቃሬዛውን አወረድነው። ወንድሟ እየሮጠ መጣ። እንዳሰበው ሊያቅፋቸው አልቻለም፣ ቱቦና ቀበቶ ነው ሁሉም ቦታ። እጃቸውን ብቻ ያዘ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል አየና «ተመስገን፣ ትተነፍሳለች» አለ። ሲስተር «ግባ፣ ከጎኗ ተቀመጥ» አለችው። እኔ መሪውን ስይዝ ከኋላ ድምጿ መጣ፦ «ጋሼ፣ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ወንድሟ «ለምን ሳይረኑን አታስጮኸውም?» አለኝ። አስጮህኩት። መኪኖች ሁሉ ዳር እየያዙ አሳለፉን፣ እኔ በእግረኛ ፍጥነት ነው የምሄደው። ሰዎች ከእግረኛ መንገዱ ላይ ሆነው ያዩኛል፤ እብድ ነው የመሰልኳቸው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ባትከፍችልኝም በርሽ ላይ መተኛት ነበረብኝ። ይቅር በይኝ እማዬ።» ፊኛው ይጨመቃል፣ ደረቱ ይነሳል። «ትሰማኛለች?» አላት እህቱን።

«ትሰማሃለች፣ አውራላት።»

«እጇ ቀዝቃዛ ነው።»

«ላይ ብርድ ነው፣ ለዚያ ነው።»

እሱም አወራ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ፀሐያማዋ ክፍል፣ በልጅነቱ ስላስቀየማቸው ነገር ሁሉ አወራ፣ አለቀሰ፣ መሀል ላይ ሳቀም። መስታወቱ ውስጥ ሲስተርን አየኋት። ፊቷ ላይ እንባ የለም። ክንዷ ግን ይንቀጠቀጥ ጀምሯል።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዶክተሯ ወጥታ ጠበቀችን። ሲስተር እጇን ከፊኛው ላይ አነሳች። ዶክተሯ አንገታቸውን ነካች፣ ዓይናቸውን ገልጣ አየች፣ እጃቸውን ከፍ አድርጋ ቀስ ብላ መለሰችው። «መቼ ነው ያረፉት?» አለች።

«ምን ማለት ነው መቼ?» ወንድሟ ጮኸ። «አሁን እኮ ሰምታኛለች! እጄን ጨብጣኛለች! እህቴ፣ ንገሪያት!»

«እዚህ በር ላይ ነው ዶክተር» አለች ሲስተር። «አሁን ስንገባ።»

ዶክተሯ አየቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አባት፣ እርስዎም አብረው ነበሩ?»

«ነበርኩ» አልኩ። «መኪናው ውስጥ ሲተነፍሱ አይቻለሁ።»

ዶክተሯ የእናትየውን እጅ ደግማ ነካችው፣ ከዚያ ሰዓቷን አይታ ያልናትን ጻፈች። ወንድሟ እህቱ አንገት ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «ይቅር ብላኛለች አይደል? ደርሳልኛለች አይደል?» ይላል። እሷ በአንድ እጇ ራሱን ይዛዋለች። ቀኝ እጇ ጀርባው ላይ ነው፤ ይጨመቃል፣ ይከፈታል፣ ይጨመቃል፣ ይከፈታል። ልታቆመው አልቻለችም። እሱ የምታባብለው መስሎት ይበልጥ ተጠጋት።